ባትሪ ማለት በቅድሚያ የተከፈለ ቤንዚን ነው

የቤት ሒሳብ

የዚህ ወር ጥያቄያችን የመጣው ከአጋሮ ነው። ጠያቂያችን የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ከተማው ውስጥ ሱቅ አላቸው፤ ባለቤታቸው መምህር ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት የገዙት አንድ የቤንዚን ባጃጅ አላቸው፤ የሚያሽከረክረው የሰፈራቸው ልጅ ነው። አባትየው «ባጃጁን ሸጠን የኤሌክትሪኩን እንግዛ፤ ትርፉን ቤንዚን እየበላብን ነው» ይላሉ። እናትየው ደግሞ ቡና ገብቶ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰሞን ሱቁ ያስገኘውን ገንዘብ ለትልቋ ልጃቸው የኮሌጅ ክፍያ ሊያስቀምጡት አስበዋል። ገንዘቡ ሁለቱንም አይችልም። «ማናችን ነን ልክ?» ብለው ጠይቀውናል።

ጥያቄው የእነሱ ብቻ አይደለም። በጂማ፣ በሊሙ ገነትም ሆነ በአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች ባጃጅ ለብዙ ቤተሰብ ሁለተኛ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ከሥሩ እንሥራው። ከዚህ በታች የምንጠቀምባቸው የብር መጠኖች ለማሳያ የተያዙ ናቸው። እርስዎ በራስዎ ከተማ ዋጋ ይተኳቸው፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

ጥያቄው ለምን አሁን መጣ?

ምክንያቱ ማደያው ላይ ተጽፏል። መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያም በኋላ መጨመሩን አላቆመም። እንደ አጋሮ ባሉ ከተሞች ደግሞ የመጓጓዣው ይታከልበታል። ማደያው ባዶ በሆነ ቀን በሃይላንድ የሚሸጠውን ዋጋ ደግሞ ሾፌሮቹ ራሳቸው ይንገሩን።

በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በሩ ተከፍቶለታል። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል የተበተነው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል፣ ፈጽሞ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ደግሞ ከቀረጥ ነፃ እንዲሆን ተወስኗል። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ።

ለጂማ አካባቢ ሰው ነገሩ ሌላም ትርጉም አለው። ከጂማ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሁሉ የግልገል ጊቤን ውኃ በመስኮት ያየዋል። ግድቡ ሥራ የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ሲሆን 184 ሜጋዋት ያመነጫል። ያንኑ ውኃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተቀብሎ የሚሠራው ሁለተኛው ጊቤ 420፣ ሦስተኛው ጊቤ 1,870 ሜጋዋት ናቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቤንዚኑ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይመጣል፤ ኃይሉ ከሰፈራችን ወንዝ ይወጣል። አባትየው ይህን ማለታቸው ከሆነ እውነት አላቸው።

ከአሻንጉሊት ሄሊኮፕተር የሚገኝ ትምህርት

ከቤንዚን ወደ ባትሪ የመሻገርን ሒሳብ ከኛ በፊት የሠሩ ሰዎች አሉ፤ በሬዲዮ የሚመሩ የሞዴል ሄሊኮፕተሮችን በትርፍ ጊዜያቸው የሚያበሩ ሰዎች። እነዚህ ትንንሽ ሄሊኮፕተሮች ለረዥም ጊዜ የሚበሩት ከሜታኖል፣ ከናይትሮሜቴንና ከዘይት በተቀመመ ነዳጅ ነበር። ቀላልና ኃይለኛ የሊቲየም ባትሪ ሲመጣ ብዙዎቹ ሞተራቸውን ቀየሩ። ሽታ የለም፣ ጭስ የለም፣ የሚጸዳ ዘይትም የለም።

ሒሳቡ ግን አላበቃም ነበር። ነዳጅ የሚገዛው በበረሩት ልክ ነው። ባትሪ ግን ገና ሳይበሩ ይገዛል። አንዱ ባትሪ ጥቂት ደቂቃ ካበረረ በኋላ ቻርጅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሁለተኛና ሦስተኛ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ጥሩ ቻርጀርም ይታከላል። ባትሪው ደግሞ ዕድሜ አለው፤ የተወሰነ ጊዜ ተሞልቶ ተራግፎ ያረጃል። በየቀኑ የሚያበር ሰው አተረፈ። በወር አንድ ጊዜ የሚያበር ሰው ግን ባትሪው መደርደሪያ ላይ እያረጀ ገንዘቡ ቀለጠ።

ለባጃጃችንም ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር አለ። ባትሪ ማለት በአንድ ቀን የተገዛ የብዙ ዓመት ቤንዚን ነው። ቤንዚን ኪስን በየቀኑ በጥቂቱ ይቆነጥራል። ባትሪ ግን ለዓመታት ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ቀን ሙሉውን ሒሳብ ይዞ ይመጣል።

የመጀመሪያው ሒሳብ፦ የሻጩ

አንድ ባጃጅ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ይሠራል እንበል። የቤንዚኑ ባጃጅ በከተማ ውስጥ፣ ሰው ጭኖ፣ ቁልቁለትና ዳገት እየወጣ ለ25 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ቢፈጅ፣ በቀን 4 ሊትር ነው። ሊትሩን በ130 ብር ብንይዘው 520 ብር ይሆናል።

ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ6 እስከ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምረን 8 እንበል። አንዱን ኪሎዋት ሰዓት ከ6 ብር ጥቂት ከፍ አድርገን ብንይዘው በቀን 50 ብር አካባቢ ነው።

ልዩነቱ በቀን 470 ብር ነው። በወር 26 የሥራ ቀን ብንቆጥር 12,220 ብር ይሆናል። አሮጌው ባጃጅ 350 ሺህ ብር ቢሸጥና አዲሱ የኤሌክትሪክ 620 ሺህ ብር ቢሆን፣ ከኪስ የሚጨመረው 270 ሺህ ብር ነው። ለ12,220 ስናካፍለው 22 ወር ይወጣል። «ሁለት ዓመት ሳይሞላ ገንዘብዎን ይመልሳል» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ሒሳቡ ውሸት የለበትም፤ ግን ሙሉ አይደለም።

ሁለተኛው ሒሳብ፦ የባትሪው ሳጥን

አሁን የተረሱትን እናስገባ። በቤንዚኑ በኩል የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላና ክላች አለ፤ በቀን 40 ብር እንያዝለት። የቤንዚኑ የቀን ወጪ 560 ብር ሆነ። በኤሌክትሪኩ በኩል ለፍሬንና ለጥቃቅን ጥገና 20 ብር እንያዝ። ጎማ ለሁለቱም ስለሆነ እንተወው።

ከዚያ ባትሪው ይመጣል። ገበያ ላይ በዋናነት ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የተለመደው የሊድ አሲድ ባትሪ ነው፤ ከባድ ነው፤ ዋጋው ግን ዝቅ ይላል። በየቀኑ እስከ ታች እየወረደ ከተሞላ አንድ ዓመት ወይም አንድ ዓመት ተኩል ቢያገለግል ነው። ሁለተኛው ሊቲየም ነው፤ ሲገዙት ይወደዳል፤ በሥርዓት ከተያዘ ግን ከ2,000 ጊዜ በላይ ሊሞላ ይችላል።

ሊድ አሲዱ 75 ሺህ ብር ቢሆንና 468 የሥራ ቀን (አንድ ዓመት ተኩል) ቢያገለግል በቀን 160 ብር ነው። ሊቲየሙ 200 ሺህ ብር ቢሆንና 1,560 የሥራ ቀን (አምስት ዓመት) ቢያገለግል በቀን 130 ብር ያህል ነው። ርካሹ ባትሪ በቀን ሲመነዘር ውድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብለው አይሁን። «ባትሪው ምን ዓይነት ነው? ዋስትናው ስንት ዓመት ነው? በጽሑፍ ይሰጡኛል?» ይበሉ።

በሊቲየሙ እንቀጥል። የኤሌክትሪኩ የቀን ወጪ 50፣ 20 እና 130 ሲደመር 200 ብር ሆነ። ከቤንዚኑ 560 ስንቀንሰው 360 ብር በቀን፣ 9,360 ብር በወር ይተርፋል። ቤት ውስጥ ለሚዘረጋው መስመር፣ ለብሬከርና ለምድር ሽቦ 15 ሺህ ብር ብንጨምር መነሻው 285 ሺህ ብር ይሆናል። አሁን ገንዘቡ የሚመለሰው በ30 ወር ነው፤ ሁለት ዓመት ተኩል።

ያ 130 ብር ማንም የማይጠይቀን ወጪ ነው፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። በየማታው ተቆጥሮ ለብቻው ካልተቀመጠ ለበዓል በግ፣ ለደብተርና ለዘመድ ሠርግ ይሄዳል። በአምስተኛው ዓመት ባትሪው ሲደክም ባጃጁ ግቢ ውስጥ ይቆማል። በስልክ ባንክ ለብቻው የተከፈተ አንድ የቁጠባ ሒሳብ ይበቃል፤ ስሙን «ባትሪ» ይበሉት።

ሦስተኛው ሒሳብ፦ ቁጠባው የማን ነው?

እስካሁን የሠራነው ባለቤቱ ራሱ የሚያሽከረክር እንደሆነ አድርገን ነው። የአጋሮው ቤተሰብ ግን ሾፌር አለው፤ ጥያቄው እዚህ ላይ መልኩን ይቀይራል።

ልማዱን ታውቁታላችሁ። ሾፌሩ ቤንዚኑን በራሱ ይሞላል፤ ማታ ለባለንብረቱ የተስማሙበትን የቀን ገቢ ያስረክባል፤ የተረፈው የእሱ ነው። ባለንብረቱ ዘይትና ጥገና ይችላል። የቀን ገቢው 600 ብር ነው እንበል። ቤተሰቡ ከዚያ ላይ ለዘይትና ለጥገና 40 ብር አውጥቶ 560 ብር ይቀረዋል።

አሁን የኤሌክትሪኩን ገዝተው የቀን ገቢው እዚያው 600 ብር ላይ ቀረ እንበል። ቻርጅ የሚደረገው በባለንብረቱ ቆጣሪ ነው፤ ባትሪውም የእሱ ነው። ከ600 ላይ 200 ሲነሳ 400 ብር ይቀራል። ቤተሰቡ 285 ሺህ ብር አውጥቶ በቀን 160 ብር ከሰረ ማለት ነው። 520 ብሩን የቆጠበው ሾፌሩ ነው። ቁጠባው አልጠፋም፤ ኪስ ቀየረ።

መፍትሔው ሁሉንም ከልጁ ላይ መውሰድ ነው? አይደለም። ሾፌሩም የሚያጣው ነገር አለ። ቤንዚን ሲያልቅ ሞልቶ እስከ ምሽት መሥራት ይችል ነበር፤ ባትሪ አመሻሹ ላይ ካለቀበት ግን ቀኑ አለቀ። ወደ ጂማ 45 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ጥሩ ኮንትራት ቢመጣለት መመለሻውን አስቦ ይተወዋል፤ ጂማ ከአጋሮ ከፍ ትላለችና መንገዱም ባትሪን አይምርም። ደግሞም ባትሪውን የሚያኖረውም የሚገድለውም የእሱ እጅ ነው። ዳገት ላይ ከአቅም በላይ የሚጭን፣ እስከ ዜሮ የሚያወርድ ሾፌር አምስቱን ዓመት ሦስት ያደርገዋል። ድርሻ ያለው ሰው ይጠነቀቃል።

እንግዲህ የቀን ገቢው ከ600 ወደ 980 ብር ቢያድግ፣ ሾፌሩ ከቀድሞው 140 ብር ይጨምራል፤ ቤተሰቡም ወጪውን ሁሉ ችሎ 220 ብር ይጨምራል። ይህ ሁለቱም አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚፈርሙት ውል ነው። ግን ወደ ሒሳቡ እንመለስ፤ 220 ብር በ26 ቀን 5,720 ብር ነው። 285 ሺህ ብሩ የሚመለሰው በ50 ወር ሆነ፤ ከአራት ዓመት በላይ። ሻጩ 22 ወር ያለው ይኸው ነው።

መብራት ሲሄድ

ግድብ ማለት ትራንስፎርመር ማለት አይደለም። ኃይሉ በብዛት ቢመነጭም ወደ ሰፈር የሚያመጣው ምሰሶና ሽቦ በክረምት ነፋስና መብረቅ ሲመታ ባጃጁ ጠዋት ባዶ ሆኖ ይገኛል። በወር ሁለት ቀን በዚህ ምክንያት ቢቆም ቤተሰቡ ከ5,720 ላይ 1,560 ብር ያጣል። የሚቀረው 4,160 ነው፤ መመለሻው ወደ 68 ወር ይረዝማል። ባትሪው 60 ወር ነበር የሚያገለግለው።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ግን የቤንዚኑንም ቀን መቁጠር አለብን። በሰልፍ የሚባክነው፣ «ነዳጅ የለም» ተብሎ የሚቆመው ቀንም ኪሳራ ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ይጣፋሉ። የትኛው እንደሚበልጥ እኛ ከዚህ ሆነን መናገር አንችልም፤ ሾፌሩ ግን ያውቃል። ለሦስት ወር አንድ ደብተር ይያዝ፦ ነዳጅ የታጣበት ቀን፣ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የጠፋበት ቀን። ቀን ላይ ለሁለት ሰዓት የሄደ መብራት አይቆጠርም፤ ባጃጁ የሚሞላው ሌሊት ነውና።

ከምጣዱ ጋር ይስማማሉ?

ብዙ እናቶች «ቤታችን ይችለዋል?» ብለው ይሰጋሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል። የባጃጅ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ የዚያን ግማሽ እንኳ አይደርስም። ምጣድ የቻለ ጤናማ መስመር ቻርጀሩን ለብቻው ይችላል፤ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ግን ሁለቱን አንድ ላይ አይሰኩ።

ቀጭን ማከፋፈያ ገመድ በመስኮት አውጥቶ ቻርጅ ማድረግ የእሳት መንገድ ነው። መስመሩ ለብቻው ተዘርግቶ የራሱ ብሬከርና ምድር ሽቦ ይኑረው። ቦታው ዝናብ የማያገኘው፣ ነፋስ የሚገባው፣ ከመኝታ ቤትና ከጀንፈል ጆንያ ራቅ ያለ ይሁን። የቤት ፍጆታ ባደገ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም እርከን እንደሚወጣ አይርሱ። ባጃጁ በወር ወደ 200 ኪሎዋት ሰዓት ሲጨምር የምጣዱም ዋጋ አብሮ ይወደድ ይሆናል።

በብድር ከሆነ

285 ሺህ ብሩን በዓመት 18 በመቶ ወለድ ቢበደሩት የመጀመሪያው ዓመት ወለድ በወር ከ4,200 ብር በላይ ነው። ከ5,720 ላይ ምን ቀረ? ወለድ አልባ ባንክ የሚጠቀሙ ቤተሰቦችም ቢሆኑ በሙራባሃ ውሉ ላይ የተጨመረውን የባንኩን ትርፍ በዚሁ ሒሳብ ውስጥ ያስገቡት። ዕቁብ ከሁሉም ይሻላል፤ የዕቁቡ ክፍያ ግን በክረምት፣ ቡና ሳይደርስ ኪስ በሚሳሳበት ወቅት ሳይቀር የሚቀጥል መሆኑን አስቡበት።

ታዲያ ማን ልክ ነው?

ለአጋሮዋ እህታችን ያለን መልስ ይህ ነው። የቤንዚኑ ባጃጅ ሞተሩ ደኅና ከሆነ ዘንድሮ አይሽጡት። ከአራት ዓመት በኋላ ለሚመለስ ገንዘብ የልጅቱን የኮሌጅ ክፍያ ማስያዝ ተገቢ አይደለም፤ የልጅቱ አራት ዓመት አይመለስምና። በዚህ እርስዎ ልክ ነዎት።

ባለቤትዎም ግን በአቅጣጫው አልተሳሳቱም። ቀኑን ብቻ ነው ያቻኮሉት። ሞተሩ የሚወርድበት፣ ፒስተንና ሪንግ የሚቀየርበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ምርጫው «ያለውን ይዞ መቆየት ወይስ መቀየር» መሆኑ ይቀርና «ከሁለቱ አዲስ የትኛው ይገዛ» ይሆናል። ያኔ የሚነጻጸረው የሁለቱ አዳዲስ ዋጋ ልዩነት ብቻ ነው። የኤሌክትሪኩ በ100 ሺህ ብር ቢበልጥ እንኳ፣ ከመስመሩ 15 ሺህ ጋር፣ ከሾፌሩ ጋር ተካፍላችሁም በ20 ወር ይመለሳል። ያኔ በሊቲየሙ ሳያመነቱ ይግቡ። ባለቤትዎ ራሳቸው የሚያሽከረክሩ ቢሆን ኖሮ፣ የአሁኑም ሁለት ዓመት ተኩል ባላስፈራን ነበር።

እስከዚያ ድረስ ሦስት ነገር ይሥሩ። አንደኛ፣ ደብተሩን ዛሬ ይጀምሩ፤ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር፣ የቆመ ቀን። ሁለተኛ፣ የባትሪውን ሒሳብ ከአሁኑ ይክፈቱና በቀን 50 ብርም ቢሆን ያስገቡ፤ ያለ ባትሪ ማስቀመጥ የቻለ ቤተሰብ ከባትሪ ጋርም ይችላል። ሦስተኛ፣ ሾፌሩን አንድ እሑድ ለቡና ይጥሩት። አዲሱ ባጃጅ ሲመጣ የቀን ገቢው ስንት እንደሚሆን፣ ባትሪው ቢበላሽ ማን ምን እንደሚችል ከግዢው በፊት ተነጋግራችሁ በወረቀት አስፍሩ። ከተገዛ በኋላ የሚደረግ ድርድር ጠብ ነው።